ጆርጅ ፎርማን በኪንሻሳ ለምን ደከመ? የቦክሰኛ ጽናት ከሳይንስ አንጻር

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1974) በያኔዋ ዛየር ዋና ከተማ በኪንሻሳ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሁለት አሜሪካውያን ቦክሰኞች ለዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ተፋለሙ። ሰዓቱ እንዲህ የተመረጠው በአሜሪካ የሚገኙ ተመልካቾች ግጥሚያውን በምሽት እንዲያዩት ታስቦ ነው። ሻምፒዮኑ ጆርጅ ፎርማን የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40 ጊዜ አሸንፏል፤ ከእነዚህም ውስጥ 37ቱ የተጠናቀቁት ዙሩ ከመሙላቱ በፊት በዝረራ ወይም በዳኛ ውሳኔ ነው። ተፎካካሪው መሐመድ አሊ 32 ዓመት የሞላው፣ ብዙዎች ዘመኑ አልፏል የሚሉት ሰው ነበር። ግጥሚያው የተያዘው ለ15 ዙር ነው። ስምንተኛው ዙር ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ግን ፎርማን በተከታታይ ቡጢ ተመትቶ ተዘረረ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች እጆቹን ማንሳት አቅቶት፣ ቡጢው እንደ መግፋት ሆኖ፣ በእግሩ ሲወላገድ የታየው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት በዓለም ላይ እጅግ የሚፈራው ቦክሰኛ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከግጥሚያው በኋላ ጥያቄው በዛ። አንዳንዱ ፎርማን በቂ ዝግጅት አላደረገም አለ። ሌላው ደግሞ ድሮም ትንፋሽ አልነበረውም፤ ሳይታወቅበት የቆየው ረጅም ግጥሚያ ስላልገጠመው ነው አለ። የመድረኩ ገመድ ሆን ተብሎ እንዲላላ ተደርጓል የሚል ክስም ተሰማ፤ የአሊ አሠልጣኝ አንጀሎ ደንዲ ግን ይህን አስተባብሏል። ፎርማን ራሱ ቆየት ብሎ ከግጥሚያው በፊት የጠጣው ውኃ የመድኃኒት ጣዕም ነበረው እስከ ማለት ደርሷል። የውኃውን ጉዳይ እዚህ ላይ አናነሣውም፤ በላቦራቶሪ የተመረመረ ነገር ስለሌለ ሳይንስ የሚለው የለውም። የቀሩት ምክንያቶች ግን በፊዚዮሎጂና በፊዚክስ ሊመዘኑ የሚችሉ ናቸው። ስንመዝናቸውም ጽናት ማለት አንድ ሰው ተሸክሞት ወደ መድረክ የሚወጣው የተወሰነ የጉልበት ክምችት ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እንደማያስኬድ እንረዳለን።

የሦስት ደቂቃ ወጪ፣ የአንድ ደቂቃ ገቢ

ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ በተባለው ሞለኪውል ኃይል ነው። በህዋሱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ኤቲፒ በጣም ጥቂት በመሆኑ በሙሉ ኃይል ለሚሠራ ጡንቻ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አይበቃም፤ ስለዚህ ህዋሱ እያጠፋ ወዲያው መተካት ይኖርበታል። ከመተኪያ መንገዶቹ ሁሉ ፈጣኑ ክሬቲን ፎስፌት ነው። አንድ ቦክሰኛ ተጋጣሚውን ጥግ አስይዞ የቡጢ ናዳ ሲያወርድበት በዋነኛነት የሚያጠፋው ይህንን ነው፤ በሙሉ ኃይል ከሠራ ግን በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ግላይኮጅንን ያለ ኦክስጅን መሰባበር ሲሆን፣ ይህም ፈጣን ቢሆንም ምርቱ አነስተኛ ነው። ሦስተኛው መንገድ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን የሚካሄደው ነው። እርሱ ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ለሰዓታት ሊቀጥል ይችላል።

ብዙ ተማሪዎች ቦክስ የፍንዳታ ስፖርት ስለሆነ ሦስተኛው መንገድ ለሯጭ እንጂ ለቦክሰኛ አይጠቅምም ብለው ያስባሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያለቀውን ክሬቲን ፎስፌት እንደገና የሚሞላው ኦክስጅን የሚጠቀመው ሥርዓት ነው። የደም ዝውውሩ ጥሩ ከሆነ ግማሹ በሠላሳ ሰከንድ አካባቢ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። የቦክስ ሕግ የሚሰጠው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያለውን ሁሉ ያወጣ ቦክሰኛ፣ ትንፋሹ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በአንዷ ደቂቃ ውስጥ ያወጣውን መልሶ አያገኝም። ሁለተኛውን ዙር የሚጀምረው በጎደለ ሂሳብ ነው፤ ሦስተኛውን ደግሞ ይበልጥ በጎደለ ሂሳብ። ጉድለቱ እየተጠራቀመ ሄዶ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዙር ላይ ይገለጣል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ትምህርት ማረም ተገቢ ይመስለናል። ድካምን የሚያመጣው በጡንቻ ውስጥ የሚከማች ላክቲክ አሲድ ነው የሚለው አባባል በብዙ የስፖርት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ዛሬ ላክቴት እንደ ጥራጊ ብቻ አይታይም። ልብና ሌሎች ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ወስደው ያነዱታል፤ ጉበትም ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ጡንቻው እንዲዝል ይበልጥ የሚያደርጉት ከክሬቲን ፎስፌትና ከኤቲፒ መፍረስ የሚወጣው ፎስፌት፣ የሃይድሮጅን አየኖች መብዛትና በዚህም ሳቢያ በጡንቻው ውስጥ የሚደርሰው የካልሲየም ልቀት መዳከም ናቸው። ከላክቴቱ ይልቅ የአመራረቱ ፍጥነት ነው ተጠያቂው።

በተጨማሪም ቦክሰኛ በብዛት የሚሠራው በክንዱ ነው። ተመሳሳይ የኦክስጅን ፍጆታ ባለው ሥራ ላይ የክንድ ሥራ ከእግር ሥራ ይልቅ ልብን በፍጥነት ያስመታል፤ በደም ውስጥ የሚገኘውን ላክቴትም ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚወድቀው በአነስተኛ ጡንቻዎች ላይ ነው። ጡንቻ በኃይል ተወጥሮ ሲቆይ ደግሞ በውስጡ የሚያልፉትን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል፤ ደም ይቀንሳል፤ ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። አሊ በየመተቃቀፉ የፎርማንን አንገት በክንዱ ይዞ ወደ ታች ይጫነው እንደነበር በፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል። ተመልካች ዕረፍት የመሰለው ያ ቅጽበት ለፎርማን የአንገቱና የጀርባው ጡንቻዎች ሳይፍታቱ የሚሠሩበት ጊዜ ነበር።

ገመዱና አየሩን የመታው ቡጢ

አሊ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ወደ ገመዱ ተጠግቶ፣ ፊቱን በጓንቶቹ፣ ጎኑን በክርኖቹ ሸፍኖ፣ ፎርማን እንዲመታው ይተወው ነበር። የራሱ ረዳቶች እንኳ ከገመዱ ውጣ እያሉ ይጮኹበት ነበር። ለምን አልተሰበረም?

ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ እንደምናውቀው አንድን ተንቀሳቃሽ አካል ለማስቆም የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል በማቆሚያው ጊዜ ርዝመት ይወሰናል። ጊዜው በእጥፍ ሲረዝም አማካይ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ኳስ የሚይዝ በረኛ እጁን ወደ ኋላ የሚስበው ለዚሁ ነው። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ገመድ ላይ የተደገፈ ሰው ሲመታ አብሮ ይሄዳል፤ ቡጢው የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከኃይሉም ከፊሉ ወደ ገመዱ ይተላለፋል። ገመዱ መላላቱ ይህን ይበልጥ አመቺ እንደሚያደርገው ግልጽ ነው፤ ማን አላላው የሚለው ክርክር ግን የፊዚክስ ጥያቄ አይደለም። ጠለቅ ብለን ካየነው ገመዱ አሊን ያገለገለው በሌላ መንገድም ነው፤ ክብደቱን በከፊል ስለተሸከመለት እግሮቹ አረፉ።

ዒላማውን የሳተው ቡጢ ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ቡጢ ሲያርፍ ክንዱ ያጠራቀመውን የእንቅስቃሴ ኃይል ለተመታው አካል ያስረክባል። ሲስት ግን ያን ሁሉ ፍጥነት የሚያቆመው የመቺው የራሱ ጡንቻ ነው፤ ክርኑን የሚዘረጋው ጡንቻ ያፈጠነውን፣ ክርኑን የሚያጥፈው ጡንቻ እየተለጠጠ ይገታዋል። ቀጥሎ የተዛባውን ሚዛን ለማስተካከል ወገብና እግር ይሠራሉ። አየር የመታ ቡጢ ለመቺው ካረፈው ቡጢ ይብሳል እንጂ አይቀልም። በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር ፎርማን የወረወራቸው ሰፋፊ ቡጢዎች ብዙዎቹ በአሊ ክንድ ላይ አረፉ፤ ወይም ምንም ሳያገኙ አለፉ።

የኪንሻሳ ሙቀት

ጡንቻ እንደ ሞተር ነው ቢባል ብቃቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም የሆነ ቦክሰኛ (ፎርማን በዚያች ሌሊት ይህን ያህል ነበር) በደቂቃ 4 ሊትር ኦክስጅን ቢጠቀም በደቂቃ ወደ 20 ኪሎ ካሎሪ ያነዳል። ከዚህ 15 ያህሉ ሙቀት ነው እንበል። የ100 ኪሎ ሰውነትን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ለማድረግ 83 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃል። እንግዲያው ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ በአምስት ደቂቃ ተኩል ሥራ፣ ማለትም ሁለት ዙር ሳይሞላ፣ ሰውነቱ በአንድ ዲግሪ ይግላል። ስምንት ዙር 24 ደቂቃ ነው።

መውጫው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ይሄዳል። ዋናው ቃል «ሲተን» የሚለው ነው። በኮንጎ ወንዝ ዳር እንዳለችው ኪንሻሳ ባለ እርጥበት አዘል አየር ውስጥ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ በሚገባ አይተንም፤ የተንጠባጠበ ላብ ውኃን ይቀንሳል እንጂ ሙቀትን አይቀንስም። ልብም ለሁለት ጌቶች ይገዛል፤ ደሙን ለጡንቻ ልስጥ ወይስ ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ልላክ የሚል ሽሚያ ውስጥ ይገባል።

ሆኖም ሙቀቱን ብቸኛ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። አሊም በዚያው አየር ውስጥ ነበር። ሁለቱም ግጥሚያው ከመካሄዱ በፊት በዛየር ለሳምንታት ቆይተዋል፤ ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ገደማ ነው። ሙቀት ሁለቱንም ቀጥቷል፤ ይበልጥ የቀጣው ብዙ የሠራውን ነው።

ከአሥራ አምስት ደቂቃ ያነሰ ልምድ

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ፎርማን ሰነፍ ነበር የሚለው ወሬ ከመዝገቡ ጋር አይስማማም። ግጥሚያው መጀመሪያ ሴፕቴምበር 25 እንዲካሄድ ታቅዶ ሳለ በሴፕቴምበር 16 በልምምድ ግጥሚያ ላይ ከዓይኑ በላይ ስለተሰነጠቀ በአምስት ሳምንት ተራዘመ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ፊቱን ሊያስመታ የሚችል ልምምድ ማድረግ አልቻለም። መሮጥና ከረጢት መምታት ይችል ስለነበር የልቡና የሳንባው ብቃት በዚህ ምክንያት ብዙ ወርዷል ለማለት ያስቸግራል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ከሚመልስ ሰው ጋር ብዙ ዙር መቆየት ነው።

ይህ ጉድለት ከቁስሉ በፊትም ነበረ። ከ1972 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ኪንሻሳ ድረስ ያደረጋቸው ስምንት ግጥሚያዎች አንዳቸውም ከሁለተኛው ዙር አላለፉም። ሻምፒዮን የሆነበትን የጆ ፍሬዘርን ግጥሚያ (ጃንዋሪ 1973) በሁለተኛው ዙር፣ የጆ ሮማንን በመጀመሪያው ዙር፣ የኬን ኖርተንን (ማርች 1974) በሁለተኛው ዙር ጨረሰ። ሦስቱ አንድ ላይ ቢደመሩ አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞሉም። በዚሁ ዘመን አሊ ከፍሬዘር ጋር አንድ ጊዜ 15፣ ሌላ ጊዜ 12 ዙር፣ ከኖርተን ጋር ደግሞ ሁለት ጊዜ 12 ዙር ተፋልሟል፤ ከእነዚህ ሁለቱን ተሸንፏል፤ በአንዱም መንጋጋው ተሰብሯል። በድል ዝርዝር ላይ ፎርማን ይበልጣል። በዝግጅት ግን የሚበልጠው አሊ ነበር። ሰውነት የሚለመደው የተለማመደውን ነውና፣ ፎርማን የተዘጋጀው ለስድስት ደቂቃ ግጥሚያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ የጡንቻ ብቻም አይደለም። በ1920ዎቹ እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ያስተማሩት የድካም ንድፈ ሐሳብ ትኩረቱ በኦክስጅን እጥረት ላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ኖክስ ደግሞ ሰውነት ጨርሶ ከመዛሉ በፊት ልጓሙን የሚይዘው አንጎል ነው፤ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነውም የሚጠብቀውን የፍጻሜ ጊዜ አስልቶ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ዛሬም ያከራክራል። የትኛውም ወገን ግን ፍጻሜውን አሳስቶ የገመተ ሰው ፍጥነቱን አሳስቶ እንደሚመርጥ አይክድም። ለአገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፎርማን የኦሊምፒክ ወርቁን ያገኘው በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ 2,240 ሜትር ከፍታ ባለው በዚሁ ስስ አየር ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አሸንፏል። አሊም ካሲየስ ክሌይ በሚባልበት ዘመን ወርቁን ያጠለቀው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት የ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ነው። የማራቶን ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጥበውን እያወቀ ይሮጣል። የኦሊምፒክ ቦክሰኛ ግን የነበረው ሦስት ዙር ብቻ ነው፤ ፎርማንም የፍጻሜውን ግጥሚያ በሁለተኛው ዙር ጨረሰ። መቆጠብን የሚያስተምረው አጋጣሚ አላገኘም።

የጽናቱ መጠራጠር ፎርማንን ራሱን ሳያሳስበው አልቀረም። ኤፕሪል 26 ቀን 1975 በቶሮንቶ በአንድ ቀን ከአምስት ቦክሰኞች ጋር ተራ በተራ ተጋጠመ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በሁለተኛው ዙር አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተመደበላቸውን ሦስት ዙር ጨረሱ። በእኛ አስተያየት ይህ ትርኢት የተጠየቀውን አልመለሰም። በመሀል ዕረፍት ያላቸው አምስት አጫጭር ግጥሚያዎች ያንኑ የለመደውን የሚደግሙ እንጂ አሥራ አምስት ተከታታይ ዙሮችን የሚተኩ አይደሉም። በማርች 1977 በሞቃታማዋ ፖርቶ ሪኮ ከጂሚ ያንግ ጋር 12 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ተሸነፈ፤ በመጨረሻው ዙርም ወደቀ። ከዚያ በኋላ በመልበሻ ክፍሉ ራሱን እስከ መሳት ደርሶ ቦክስን ለአሥር ዓመት ተወ።

ከባዱና አዛውንቱ ፎርማን

የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፎርማን በ1987 ተመለሰ። የሰው ልጅ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከፍተኛው የልብ ምትም እንዲሁ። በዚያ ላይ ክብደቱ ጨምሯል። ኤፕሪል 1991 ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር ሲገጥም 42 ዓመቱ፣ 117 ኪሎ ግራም ገደማም ነበር። በኪንሻሳ በስምንተኛው ዙር የወደቀው ሰው፣ 17 ኪሎ ጨምሮና 17 ዓመት አርጅቶ፣ ከወጣት ሻምፒዮን ጋር 12ቱንም ዙሮች ቆመ። በነጥብ ተሸነፈ እንጂ አልደከመም።

ትንፋሽ ማጣት ብቻ ቢሆን ምክንያቱ፣ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የተለወጠው ወጪው ነው። አዲሱ ፎርማን ሰፋፊውን ቡጢ ትቶ አጭር የግራ ቀጥታ ቡጢ ያበዛል፤ እግሩን አያሯሩጥም፤ ተጋጣሚው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ከሆሊፊልድ በፊትም በአራት ዓመት ውስጥ 24 ጊዜ ተጋጥሟል። በዙሮች መካከል ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ማሳለፍም ልማዱ ነበር፤ ይህ ለማገገም ያለው ጥቅም ትንሽ ይመስለናል፤ ተጋጣሚውን ለማሳሰብ ግን ሳይጠቅም አልቀረም።

ክብደት ምንም አይደለም ማለታችን አይደለም። ትርፍ ጡንቻም ቢሆን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሙቀትም ያመነጫል። እንግሊዛዊው አንቶኒ ጆሹዋ በጁን 2019 በ112 ኪሎ ገደማ ኒው ዮርክ ላይ በአንዲ ሩይዝ በሰባተኛው ዙር ከተሸነፈ በኋላ ጽናቱ ብዙ አነጋግሮ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በሳውዲ ዓረቢያ ወደ 108 ኪሎ ወርዶ 12 ዙር እየተንቀሳቀሰ በነጥብ አሸነፈ፤ ሩይዝ በበኩሉ ወደ 129 ኪሎ ከፍ ብሎ ነበር። እዚህም ቢሆን ኪሎው ብቻውን አይናገርም፤ ጆሹዋ አጨዋወቱንም ለውጦ ነበር፤ ከመጠጋት ይልቅ ከርቀት መምታትን መርጧል።

ፎርማን የተወሰደበትን ዘውድ ያስመለሰው ኖቬምበር 5 ቀን 1994 በላስ ቬጋስ ነው። የ45 ዓመቱ ሰው፣ በኪንሻሳ የለበሰውን ቀይ ቁምጣ ለብሶ፣ ከ26 ዓመቱ ማይክል ሙረር ጋር ዘጠኝ ዙር ያህል በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ቆየ። በአሥረኛው ዙር አንዲት አጭር የቀኝ ቡጢ ወረወረ፤ ሙረር አልተነሣም። በዚያች ሌሊት በፎርማን ማዕዘን ከቆሙት አሠልጣኞች አንዱ አንጀሎ ደንዲ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ኪንሻሳ ላይ በአሊ ማዕዘን የቆመው ያው ሰው።